ሚስማር የማይመታበት ቤት፦ ወደ ኢሚዩተብል ሊኑክስ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

እህቴ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራበት ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ሲስተም) የጫንኩላት እኔ ነኝ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ሶኬቱ ከተነቀለ ያው ጠፋ ማለት ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት «አፕዴት አለ» የሚል መስኮት ብቅ አለባት፤ እሺ አለችው። ግማሽ መንገድ ላይ መብራት ሄደ። ማታ መብራት ሲመጣ ላፕቶፑ አልነሳም አለ። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ፣ ከታች «ከርነል ፓኒክ»።

«ወንድምዬ፣ ጽሑፌ ጠፋ?» ብላ ደወለች።

ጽሑፏ አልጠፋም ነበር። የሆነው ሌላ ነው። አፕዴቱ አዲስ ከርነል አውርዶ ዲስኩ ላይ አስቀምጧል። ከርነል ማለት ከዲስኩ፣ ከስክሪኑ፣ ከዋይፋዩ ጋር የሚነጋገረው የሲስተሙ እምብርት ነው። እሱ ሲነሳ ዲስኩን እንዲያገኝ የሚረዳው ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል ፋይል ደግሞ አለ። መብራቱ ሲሄድ ይህ ፋይል ገና ተሠርቶ አላለቀም። ስለዚህ ማሽኑ አዲሱን ከርነል አስነሳ፣ ከርነሉ መንገድ የሚያሳየው አጣ፣ ቆመ። በነጋታው ሄጄ ከማስነሻ ሜኑው አሮጌውን ከርነል መርጬ ገባሁ። ከዚያ ተርሚናል ከፍቼ በግማሽ የቀሩትን ፓኬጆች (የሶፍትዌር ጥቅሎች) አንድ በአንድ አስጨረስኳቸው። እሑዴ በዚህ አለቀ።

እህቴ ከጀርባዬ ቆማ ስታይ ቆየችና «ስልኬ እኮ አፕዴት ሲያደርግ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም። ላፕቶፕ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

ለጊዜው አድበስብሼ አለፍኳት። ግን ጥያቄዋ ልክ ነው።

ስልኩ የሚያውቀው ነገር

ጉግል በ2016 አንድሮይድ 7ን ሲያወጣ አንድ አሠራር አስገባ። ስልኩ ውስጥ ሲስተሙ የሚቀመጥበት ቦታ ሁለት ይሆናል። አንዱ ላይ ትሠራላችሁ፣ ሌላው ተኝቷል። አፕዴት ሲመጣ የሚጻፈው የተኛው ላይ ነው። ስልኩን ስታጠፉና ስታበሩ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። አዲሱ አልነሳ ካለ ስልኩ ወደ አሮጌው ይመለሳል። ሁሉም ስልክ ይህን ወዲያው አልተቀበለም እንጂ ዛሬ የተለመደ ነው። ክሮምቡኮች ደግሞ ገበያ ላይ ከወጡበት ከ2011 ጀምሮ እንዲሁ ናቸው። አፕልም በ2019 በማክኦኤስ ካታሊና ሲስተሙን ለብቻው፣ መጻፍ በማይቻልበት ክፍል ውስጥ ዘጋበት።

የተለመደው ሊኑክስ ግን አንድ ሲስተም ብቻ ነው ያለው። አፕዴት ሲደረግ እየሠራ ያለው ሲስተም ፋይሎች አንድ በአንድ እየተነሱ በአዲስ ይተካሉ። ሚኒባሱ ሳይቆም ጎማ እንደመቀየር በሉት። አብዛኛውን ጊዜ፣ በእውነት ለመናገር፣ በጣም አብዛኛውን ጊዜ ይሳካል። ያልተሳካ ቀን ግን ሚኒባሱ መሀል መንገድ ላይ ነው የሚቀረው።

«ኢሚዩተብል» የሚባሉት ዲስትሮዎች (የሊኑክስ ዓይነቶች) የስልኩን ብልሃት ወደ ላፕቶፕ ያመጡ ናቸው። ቃሉ «የማይለወጥ» ማለት ነው። እኔ ግን ቃሉን ብዙም አልወደውም። ሲስተሙ ይለወጣል፤ በየሳምንቱ ይለወጣል። የማይለወጠው እየሠራችሁበት ያለው ቅጂ ነው። ፌዶራ የሚባለው ዲስትሮም ነገሩ ሰውን እንደሚያደናግር ገብቶት በ2024 የእነዚህን ቤተሰብ ስም «አቶሚክ ዴስክቶፕ» አለው። አቶሚክ ሲባል ኒውክሌር አይደለም። አፕዴቱ ወይ ሙሉ በሙሉ ይሆናል፣ ወይ ጨርሶ አይሆንም፤ ግማሽ የሚባል ነገር የለም ለማለት ነው። የእህቴ ላፕቶፕ የወደቀው እዚያች ግማሽ ላይ ነበር።

አከራይዋ ሚስማር አትወድም

የፌዶራ ሲልቨርብሉን ምሳሌ ልውሰድ፤ ከዚህ ዓይነት ዲስትሮ በደንብ የማውቀው እሱን ነው። በዚህ ስም የወጣው በ2018 ከፌዶራ 29 ጋር ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይታችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። አከራይዋ «ግድግዳ ላይ ሚስማር እንዳትመቱ» ትላለች። ሶፋችሁን፣ አልጋችሁን፣ ቁም ሳጥናችሁን ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ። ግድግዳው ግን የሷ ነው። ቀለም ሲቀባም እሷ ናት የምታስቀባው፤ ሁሉንም ክፍል፣ በአንድ ጊዜ።

ሲልቨርብሉ ላይ ግድግዳው «ዩኤስአር» የሚባለው ፎልደር ነው። ፕሮግራሞቹ፣ ላይብረሪዎቹ፣ ሲስተሙ ራሱ ያለው እዚያ ነው። ሱዶ ብላችሁም (በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማለት ነው) እዚያ ውስጥ አንዲት ባዶ ፋይል ለመፍጠር ብትሞክሩ «ይህ ፋይል ሲስተም ለንባብ ብቻ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ለለመደ ሊኑክሰኛ የመጀመሪያው ቀን ላይ ትንሽ ያናድዳል። በገዛ ማሽኔ!

የእናንተ የሆነው ሁለት ቦታ ነው። ማስተካከያዎቻችሁ «ኢቲሲ» ውስጥ ይቀመጣሉ፤ አፕዴት ሲመጣ የነካካችኋቸው እንደነበሩ ይቆያሉ። የቀረው ሁሉ «ቫር» ውስጥ ነው። ሰነዶቻችሁ፣ ፎቶዎቻችሁ፣ የሆም ፎልደራችሁ ሳይቀር ያለው እዚያ ነው።

አፕዴት ሲመጣ ከጀርባ ኦስትሪ የሚባል መሣሪያ ይሠራል። ለሶፍትዌር ሠሪዎች በአጭሩ፣ ለኮድ ሳይሆን ለሙሉ ሲስተም የተሠራ ጊት በሉት። አዲሱን ሲስተም ከአሮጌው ጎን ያዘጋጃል። ያልተለወጡ ፋይሎችን እንደገና አያወርድም፤ ሁለቱ ሲስተሞች በጋራ ይጠቀሙባቸዋል። ስለዚህ ሁለት ቅጂ አለ ማለት ሁለት እጥፍ ዲስክ ተበላ ማለት አይደለም። በዚህ መሀል መብራት ቢሄድ? የምትሠሩበት ሲስተም አልተነካም። መብራት ሲመጣ ማውረዱን ትቀጥላላችሁ፤ ካበቃ በኋላ ሪስታርት ስታደርጉ በአዲሱ ትገባላችሁ። ካልተመቻችሁ ማስነሻ ሜኑው ላይ ሁለት መስመር አለ። ሁለተኛውን መርጣችሁ ወደ ትናንቱ ትመለሳላችሁ። ከዚያ አርፒኤም-ኦስትሪ ሮልባክ የምትባል ትእዛዝ ትሰጡና የትናንቱ ቋሚ ይሆናል።

ይቺን ሁለተኛ መስመር አትናቋት። ነገ ጠዋት ኦንላይን ፈተና ወይ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላለው ሰው ዋጋዋ ብዙ ነው።

ታዲያ ዕቃዬን የት ላድርግ?

ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ቀድሞ ተርሚናል ላይ «አፕት ኢንስቶል» ወይም «ዲኤንኤፍ ኢንስቶል» የሚል የመጫኛ ትእዛዝ ሰጥቶ የሚገላገለው ሁሉ አሁን «የት ነው የማስቀምጠው?» የሚል ጥያቄ ሆነ። መልሱ ሦስት ነው።

መስኮት ያላቸው ፕሮግራሞች፣ እንደ ሊብረኦፊስ፣ ቪኤልሲ፣ ቴሌግራም ያሉት፣ በፍላትፓክ ይመጣሉ። ፍላትፓክ ማለት ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ሁሉ ይዞ፣ ከግድግዳው ሳይነካካ የሚቀመጥ ሳጥን ነው፤ ቁም ሳጥን ይዞ እንደመግባት። መደብሩ ፍላትሀብ ይባላል። ለተራ ተጠቃሚ ከመቶ ዘጠናው ጉዳይ እዚህ ያልቃል። አንድ ምክር ብቻ ልጨምር። ፌዶራ በፓተንት ምክንያት አንዳንድ የቪዲዮ ኮዴኮችን (ቪዲዮ መክፈቻዎችን) አብሮ አያመጣም። ፋየርፎክስ ላይ ቪዲዮ አልከፍት ካላችሁ ሲስተሙን መጎርጎር አያስፈልግም፤ ከፍላትሀብ ያለውን ፋየርፎክስ ጫኑ፣ አለቀ።

የተርሚናል ዕቃዎች፣ ማለትም ፓይተኑ፣ ኖዱ፣ ኮምፓይለሩ፣ የሚሄዱት ወደ ሰርቪስ ቤት ነው። ሰርቪስ ቤት የሌለው ግቢ የለም። ጭስ የሚያስነሳው፣ ዘይት የሚረጨው፣ ሽንኩርት የሚከተፍበት ሥራ እዚያ ይሠራል፤ ሳሎኑ ንጹህ ሆኖ ይቆያል። እዚህ ሰርቪስ ቤቱ ቱልቦክስ ወይም ዲስትሮቦክስ ይባላል። በኮንቴይነር፣ ማለትም ከሲስተሙ በተለየ ክፍል ውስጥ ሌላ ሙሉ ዲስትሮ ይከፍትላችኋል። ዲስትሮቦክስ ውስጥ ኡቡንቱ አስገብታችሁ የለመዳችሁትን አፕት መጠቀም ትችላላችሁ። የሆም ፎልደራችሁ እዚያም ይታያል። ከተበላሸ አፍርሳችሁ ሌላ ትሠራላችሁ፣ ሳሎኑ ምንም አልሆነም።

ሦስተኛው አከራይዋን ማስፈቀድ ነው። «እባክዎ፣ እዚህ ጋ አንዲት ሚስማር ብቻ።» ሲልቨርብሉ ላይ ይህ ሌየሪንግ ይባላል። አርፒኤም-ኦስትሪ ኢንስቶል ብላችሁ አንድ ፓኬጅ ሲስተሙ ላይ ትደርባላችሁ። ይቻላል። ግን አፕዴት በመጣ ቁጥር ያ ፓኬጅ በአዲሱ ሲስተም ላይ እንደገና ይደረባል፤ ጊዜ ይወስዳል። አንዳንዴ ደግሞ የደረባችሁት ከአዲሱ ሲስተም ጋር አይስማማም፤ በተለይ አርፒኤም ፊውዥን ከሚባለው፣ ከፌዶራ ውጪ ካለው የፓኬጅ መደብር የመጣ ከሆነ። ያኔ አፕዴቱ ጨርሶ እምቢ ይላል። ማሽኑ አይበላሽም፤ ነገሩ እስኪስተካከል ድረስ ግን ባለበት ይቆማል። አንድ ሁለት ሚስማር ችግር የለውም። አሥራ አምስት ከሆነ ግን የሰው ቤት ተከራይቶ የራስን ቤት መሥራት ነው።

አማርኛ የምንጽፍ ሰዎች እዚህ ላይ የምናጣራው አንድ ነገር አለን። ኪቦርዱ ቁም ሳጥን አይደለም፣ የቤቱ ነው። በላቲን ፊደል እየመታችሁ በግዕዝ ፊደል የሚጽፈው ዘዴ አይባስ በሚባለው ሥርዓት በኩል ነው የሚሠራው፤ በፍላትፓክ ማምጣት አይቻልም። ሴቲንግ ውስጥ ኪቦርድ የሚለው ጋ ገብታችሁ አማርኛ መኖሩን እዩ። ከሌለ ይህኛው ለአንድ ሚስማር የሚገባ ጉዳይ ነው። ፎንት ግን ፈቃድ አይጠይቅም። ኖቶም ሆነ አቢሲኒካ፣ ሆም ውስጥ ያለው የፎንት ፎልደር ውስጥ መጣል ነው፤ የፍላትፓክ ፕሮግራሞችም ያዩታል።

የሚያስከፍለው

መጀመሪያ ዳታ። እዚህ አገር በሞባይል ጥቅል ላፕቶፕ የሚያስነሳ ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ይህን ማለፍ አልችልም። ፍላትፓክ ሲጀመር ይበላል። አንዲት ትንሽ ካልኩሌተር ጫንኩ ስትሉ የምትመረኮዝበትን ራንታይም የሚባል ጓዝ ታመጣለች፤ ጓዙ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው። ሁለተኛዋ ፕሮግራም ያንኑ ጓዝ ስለምትጋራ ትቀላለች። ግን ሌላ ስሪት የምትፈልግ ሦስተኛ ስትመጣ ሌላ ጓዝ ይመጣል። የማይፈለጉ ጓዞችን በየጊዜው አንዲት ትእዛዝ ሰጥቶ ማስወጣት ይቻላል።

ለዚህ ብዙ ሰው የማያውቃት መላ አለች። ፍላትፓክ ክሬት-ዩኤስቢ የምትባል ትእዛዝ አለችው። ዋይፋይ ያለው ጓደኛችሁ ፕሮግራሙን ከነጓዙ ፍላሽ ላይ ይገለብጥላችኋል፣ እናንተ ያለ ኢንተርኔት ከፍላሹ ትጭናላችሁ። ቀድሞ ፍላትሀብን ኮሌክሽን አይዲ የሚባል መለያ መስጠት ያስፈልጋል፤ እሱም አንድ መስመር ነው። ከዚህ ሌላ፣ ሴቲንግ ውስጥ ዋይፋያችሁን «ሜትርድ» ብላችሁ ምልክት አድርጉበት። ያለዚያ ጂኖም ሶፍትዌር የሚባለው የፕሮግራም መደብር ሳያማክራችሁ ከጀርባ ሲያወርድ ጥቅላችሁ ማለቁን የምታውቁት በኤስኤምኤስ ነው።

ቀጥሎ ሪስታርት። የተደረበ ፓኬጅም ሆነ የሲስተም አፕዴት በመሠረቱ የሚገባው ከሪስታርት በኋላ ነው። ለእኔ ይህ ምንም አይደለም። ላፕቶፑን ለወራት ሳያጠፋ የሚኖር ወዳጅ አለኝ፤ እሱ ግን ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

ለፕሮግራመሮች ደግሞ የራሳቸው ራስ ምታት አለ። የፍላትፓኩ ቪኤስ ኮድ በሳጥኑ ውስጥ ሆኖ የሳሎኑንም ሆነ የሰርቪስ ቤቱን መሣሪያዎች አያይም። ተርሚናሉን ትከፍታላችሁ፤ ፓይተኑ የታለ? ጊቱ የታለ? መፍትሔው ኤዲተሩንም ዲስትሮቦክስ ውስጥ መጫን ነው። ካወቃችሁት በኋላ አምስት ደቂቃ ነው። እስክታውቁት ድረስ ግን አንድ ሙሉ ማታ።

ዋናው ዋጋ ግን ሃርድዌር ላይ ነው። ከከርነሉ ጋር የሚጣበቁ ነገሮች፣ ማለትም የኤንቪዲያ ድራይቨር፣ የአንዳንድ አሮጌ ላፕቶፖች የብሮድኮም ዋይፋይ፣ ቨርቹዋልቦክስ (በማሽን ውስጥ ሌላ ማሽን የሚያስነሳው)፣ የመሥሪያ ቤት ቪፒኤን፣ በዚህ ቤት ግድግዳ የሚበሱ ናቸው። ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ነገር እንዳይነሳ የሚከለክለው) ከተከፈተ ደግሞ ድራይቨሩን መፈረም ይመጣል። አሮጌ ፕሪንተርም እንዲሁ ነው። አዳዲሶቹ ያለ ድራይቨር ይሠራሉ፤ ኩባንያው ከሰጠው ፋይል ውጪ አልሠራም የሚለው አሮጌው ግን ያስቸግራል። ከመርካቶ ወይም ከውጭ በመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ የምንሠራ ሰዎች ይህን ቀለል አድርገን ማየት የለብንም።

የማይጠብቃችሁ ነገር

«የማይነካ» ሲባል ሰው «ቫይረስም አይገባበትም» ብሎ ይሰማል። እንደዚያ አይደለም።

በመጋቢት 2024 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ኤክስዜድ በምትባል ፋይል መጭመቂያ ላይብረሪ ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የጓሮ በር ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ነው። በኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግቢያ) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል የዘገየበት ለምን እንደሆነ ሊያጣራ ሲቆፍር ነበር። ከተነኩት ዲስትሮዎች አንዱ የኦፐንሱሴ ማይክሮኦኤስ ነበር፤ እሱ ደግሞ ኢሚዩተብል ነው። መርዙ ከወንዙ ምንጭ ከገባ በንጹህ እንስራ ብትቀዱትም ያው ነው። ወደ ኋላ መመለሱ ቀላል መሆኑ ግን፣ አዎ፣ ይጠቅማል።

ሆም ፎልደራችሁም ከዚህ ጥበቃ ውጪ ነው። ፋይል በስህተት ብትሰርዙ ሮልባክ አይመልስላችሁም። ዲስኩ ከሞተ ሁለቱም ሲስተሞች አብረው ይሞታሉ። እህቴ ጽሑፏን ፍላሽ ላይ እንድትገለብጥ የምነዘንዛት ድሮም ዛሬም ነው።

ሮልባክ ራሱ የሚያንገራግርበት ቦታም አለ። ሲስተሙን ወደ ትናንት ስትመልሱ ከሲስተሙ ጋር የመጣው ፋየርፎክስም ወደ ትናንት ይመለሳል። የፋየርፎክስ መዝገባችሁ ግን ሆም ውስጥ ስላለ የዛሬ ነው። አሮጌው ፋየርፎክስ አዲሱ የነካውን መዝገብ ሲያይ አልከፍትም ይላል፤ አዲስ ባዶ መዝገብ እንድትፈጥሩ ይጠይቃል። ያኔ ዕልባቶቼ የት ሄዱ ብላችሁ አትደንግጡ። አልጠፉም፣ አዲሱ ስሪት ሲመለስ ይመለሳሉ።

ዘመዶቹ

የሲልቨርብሉ ዴስክቶፕ (ስክሪኑ ላይ የምታዩት ገጽታ) ጂኖም የሚባለው ነው፤ ኬዲኢ የሚባለውን ሌላውን የምትወዱ ኪኖይት አለላችሁ። ጌም የምትጫወቱ ወይም ኤንቪዲያ ያላችሁ ባዚት የሚባለውን እዩ። ከፌዶራ የተሠራ ነው፤ ድራይቨሩ አብሮ የተጋገረበት ቅጂ ስላለው ሚስማሩን አከራይዋ ራሷ መታችላችሁ ማለት ነው። የሱ ዳታ ግን ከበድ ይላል። ስቲም ዴክ የሚባለው የእጅ ጌም ማጫወቻ ላይ በ2022 የመጣው ስቲምኦኤስም እንዲሁ የተቆለፈ ነው፤ ብዙ ሰው ኢሚዩተብል ሊኑክስ መሆኑን ሳያውቅ ነው የሚጫወትበት። ኦፐንሱሴ ኤዮንን ይዟል። ቫኒላ ኦኤስ በኡቡንቱ ጀምሮ ወደ ዴቢያን የዞረ ነው።

ኒክስኦኤስ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ጋር ይጠራል። እሱ ግን ሌላ ዓለም ነው። ሙሉ ሲስተማችሁን በአንድ ፋይል ትጽፋላችሁ፣ እሱ ይገነባላችኋል። በጣም ጎበዝ ነው። ለእህቴ ግን አልሰጣትም። ለብዙዎቻችሁም ቢሆን፣ መጀመሪያ ጥሩ ቡና ጠጡ።

እንዴት ልወስን?

«የትኛው ዲስትሮ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ እኔም ዓመታት አባክኜበታለሁ። መልሱ ያለው አሁን በምትጠቀሙበት ማሽን ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ስንት ሚስማር መታችኋል? ቁጠሩ።

በኡቡንቱና በዴቢያን፣ ቫር ውስጥ ሎግ፣ እዚያ ውስጥ አፕት የሚል ፎልደር አለ። የጫናችሁት ሁሉ ከነቀኑ እዚያ ተጽፏል። በፌዶራ ዲኤንኤፍ ሂስትሪ ብትሉ ይወጣል። የዘንድሮውን ውሰዱና ሦስት ቦታ ክፈሉት። መስኮት ያለው አንድ ወገን። የተርሚናል መሣሪያ አንድ ወገን። ከርነልን፣ ሃርድዌርን ወይም ኔትዎርክን የሚነካው አንድ ወገን። ሁለቱን የመጀመሪያ ወገኖች እርሷቸው፤ ቁም ሳጥንና ሰርቪስ ቤት አላቸው። የሚወስነው ሦስተኛው ነው።

ሦስተኛው ባዶ ከሆነ ወይም አንድ ሁለት ብቻ ካለበት ግቡበት። አራት አምስት ከሆነ እያንዳንዱን በሌላ መተካት ይቻል እንደሆነ አጣሩ። ከዚያ በላይ ከሆነ ይቅርባችሁ። እዚያ ገብታችሁ በየሳምንቱ ከአከራይ ጋር ከመጨቃጨቅ ባላችሁበት ቆዩ።

መቆየት ደግሞ መሸነፍ አይደለም። ሊኑክስ ሚንት ታይምሺፍት ከሚባል መሣሪያ ጋር ነው የሚመጣው። ካዘጋጃችሁት የሲስተሙን ቅጂ በየጊዜው ይይዛል፤ ከተበላሸ ትመልሱታላችሁ። እንደ አቶሚኩ አፕዴት በግማሽ መቅረትን አያስቀርም፤ ከቀረ በኋላ ግን ያድናል። ለብዙ ሰው ይህ ብቻ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለመግባት ያሰባችሁም ዛሬውኑ ዲስክ አትደምስሱ። መጀመሪያ ባላችሁበት ዲስትሮ ላይ ለአንድ ወር ፕሮግራሞቻችሁን በፍላትፓክ ብቻ ተጠቀሙ፣ የተርሚናል ሥራችሁን ዲስትሮቦክስ ውስጥ አድርጉ። ሁለቱም በማንኛውም ሊኑክስ ላይ ይሠራሉ። ወሩን ሳትቸገሩ ካለፋችሁ አስቸጋሪው መንገድ አልቋል፤ የቀረው ግድግዳውን መቆለፍ ነው። ሲልቨርብሉን በቨርቹዋል ማሽን ቀድሞ ማየትም ጥሩ ነው።

እኛ ቤት ቆጠራው እንዲህ ሆነ። የእህቴ ሦስተኛ ወገን ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከአጎታችን የወረሰችው አሮጌ ፕሪንተር። ሲልቨርብሉ ጫንኩላት፣ ለፕሪንተሩ አንዲት ሚስማር መታን። ከዚያ ወዲህ መብራት በአፕዴት መሀል ሁለት ጊዜ ሄዶባታል። ሁለተኛውን የነገረችኝ ከሳምንት በኋላ ስለ ሌላ ነገር ስናወራ ነው።

የእኔ ሰባት ነበር። ቨርቹዋልቦክስን ትቼ ከርነሉ ውስጥ ባለው ኬቪኤም ወደሚሠራው ጂኖም ቦክስስ ዞርኩ፣ ስድስት ሆነ። የብሮድኮሙን ዋይፋይ በትንሽ ዩኤስቢ ዋይፋይ ተካሁት፣ አምስት። የመሥሪያ ቤቱ ቪፒኤን ላይ ግን ተጣብቄ ቀርቻለሁ፤ ኤንቪዲያው፣ ስካነሩና ሌሎቹም እንዳሉ ናቸው። እህቴ «አንተስ መቼ ነው የምትገባው?» ስትለኝ ጣቶቼን ዘርግቼ አሳየኋት። አምስት።